በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ብቻ የሚታመን ድረ ገጽ፦ የማጣራት ትምህርት ቦታው የት ነው?

ፌስቡክንና ኢንስታግራምን የሚያስተዳድረው ሜታ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 በአሜሪካ ከእውነታ አጣሪ ተቋማት ጋር የነበረውን ሥራ እንደሚያቆም አስታወቀ። እነዚህ ተቋማት ለዓመታት አጠራጣሪ ጽሑፎችን ሲመረምሩና ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍባቸው ሲያደርጉ ቆይተዋል። ውሳኔው የአሜሪካ ነው። የጫረው ክርክር ግን ብዙ አገር ደርሷል። መድረኮቹ ካላጣሩ ማን ያጣራ?

ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አንባቢው ራሱ» የሚል ነው። እሺ። አንባቢው ግን ማጣራትን የት ተማረ? በስንተኛ ክፍል? ከየትኛው መምህር?

በኢትዮጵያ ጉዳዩ በአብዛኛው የሚነሳው በሕግ በኩል ነው። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ሐቅቼክና ኢትዮጵያ ቼክን የመሳሰሉ አጣሪዎችም አሉ። ሕጉ የሚይዘው አሰራጩን ነው። አጣሪዎቹም አቅማቸው ውስን ነው፤ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ምሽት ስልኩ ላይ የሚያየውን ሁሉ ተከታትሎ ሊያጣራለት የሚችል ተቋም የለም። ስለዚህ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ትምህርት ቤት ይገባል። በእኔ እምነት ከሁሉም የሚስማማው የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነው። እዚያ የሚሰጠው ምክር ግን ዛሬ በብዛት ከምንሰማው የተለየ መሆን አለበት።

ለምን እንግሊዝኛ?

ብዙ ሰው «ይህማ የአይሲቲ ትምህርት ነው» ይላል። የሥነ ዜጋ ነው የሚልም አለ። በአሜሪካም ተመሳሳይ ክርክር ነበር። የኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2021፣ ኒው ጀርሲ በጃንዋሪ 2023፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ በኦክቶበር 2023 መረጃን መርምሮ የማንበብ ትምህርት በትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ በሕግ ወስነዋል። ካሊፎርኒያ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት አልፈጠረችም። በእንግሊዝኛ፣ በሳይንስ፣ በሒሳብና በታሪክ ውስጥ እንዲካተት ነው ያደረገችው።

እነሱ ዘንድ እንግሊዝኛ የአብዛኛው ተማሪ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው። የኛ ሁኔታ የተለየ ነው፤ ለዚህም ነው ምክንያቱ እኛ ጋ የሚጠነክረው።

የኢትዮጵያ ተማሪ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ፣ በአንዳንድ ክልሎች ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ፣ አብዛኛውን ትምህርት የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ባዮሎጂው፣ ፊዚክሱ፣ ጂኦግራፊው በእንግሊዝኛ ይመጣል። ፈተናውም እንደዚያው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ለእሱ ለዓመታት አንድ መልክ ብቻ ነበረው፦ የሚጠና ነገር። መጽሐፉ ትክክል ነው፣ ተማሪው ይይዘዋል። ይኸው ልማድ ሳይቀየር ወደ ድረ ገጽ ይሻገራል። በአማርኛ ቢጻፍ «ወሬ ነው» ብሎ የሚያልፈውን ነገር፣ በእንግሊዝኛ ሲያገኘው እንደ ትምህርት ይቀበለዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ድካም ነው። በሁለተኛ ቋንቋ ማንበብ ጉልበት ይጨርሳል። ተማሪው ቃላቱን እየፈታ፣ ዓረፍተ ነገሩን እየገጣጠመ ሲሄድ ቆይቶ በመጨረሻ ሐሳቡ ሲገባው እፎይ ይላል። «ማን ጻፈው? ለምን ጻፈው?» ለማለት የሚተርፍ አቅም የለውም። ስለገባው ብቻ እውነት ይመስለዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ደግሞ ለማጣራትም እንግሊዝኛ ያስፈልጋል። አማርኛው ውክፔዲያ ያሉት 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች ናቸው። እንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ አለው። ስለ አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ፣ መድኃኒት ወይም የስኮላርሺፕ ድርጅት በአማርኛ ቢፈለግ የሚገኘው ትንሽ ነው። አጣርቶ ማንበብን ከእንግሊዝኛ ነጥሎ ማስተማር ለኛ ተማሪ ብዙም አይጠቅመውም።

ዛፍ ላይ የሚኖረው ኦክቶፐስ

ኢንተርኔት ላይ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የቆየ አንድ ድረ ገጽ አለ። በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ስለሚኖር ኦክቶፐስ ይተርካል። እንስሳው ሊጠፋ ስለተቃረበ እንታደገው ይላል። ፎቶ አለው፣ ሳይንሳዊ ስም አለው፣ ሊንኮች አሉት። እንስሳው ግን የለም። ገጹ ለቀልድ የተሠራ ነው።

የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲው ዶናልድ ሉ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ይህን ገጽ ለ25 የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ሰጡ። ልጆቹ ደካማ አንባቢዎች አልነበሩም፤ እንዲያውም ኢንተርኔት ላይ ጥሩ ያነባሉ የተባሉ ናቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል አመኑት። ቆይቶ በኔዘርላንድስ በ27 ተማሪዎች ላይ ተመሳሳይ ሙከራ ተደረገ። ነገሩ ፈጠራ መሆኑን የለዩት 2 ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ ለልጆቹ ፍትሐዊ መሆን ይገባል። ገጹን የሰጣቸው ትልቅ ሰው ነው፤ ያውም ትምህርት ቤት ውስጥ። ሊያታልለኝ ነው ብሎ የሚጠረጥር ልጅ ጥቂት ነው። ቢሆንም ሙከራው አንድ ነገር በግልጽ አሳይቷል። አንቀጽ አንብቦ ጥያቄ መመለስና አንድ ገጽ ይታመናል አይታመንም ብሎ መፍረድ ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። እኛ የምናስተምረው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው ከእሱ ጋር አብሮ ይመጣል ብለን እንጠብቃለን። አይመጣም።

ቁጥሩ ከፍ ሲልም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት 3,446 የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ፈትነዋል። አንዱ ጥያቄ በ2016ቱ የአሜሪካ የዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ድምፅ ሲጭበረበር ያሳያል የተባለ ቪዲዮ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጠንካራ ማስረጃ ነው አሉ። ቪዲዮው የተቀረጸው ሩሲያ ውስጥ ነው። ኢንተርኔት እንዲጠቀሙ ተፈቅዶላቸው ምንጩን ፈልገው ያገኙት 3 ተማሪዎች ብቻ ነበሩ።

የተለመደው ዝርዝር ምን ጎደለው?

መምህራንና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙበት የኖሩት የጥያቄ ዝርዝርን ነው። በጣም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቺኮ የተዘጋጀው ነው። ገጹ መቼ ታደሰ? ከርዕስህ ጋር ይገናኛል? ደራሲው ማነው? ይዘቱ ትክክል ነው? ዓላማው ምንድን ነው? በዚህ ላይ መምህራን የየራሳቸውን ይጨምራሉ፦ አድራሻው በዶት ኦርግ ያልቃል? ማስታወቂያ ይበዛበታል? የፊደል ስህተት አለው?

ጥያቄዎቹ በራሳቸው መጥፎ አይደሉም። ችግሩ መልሱ የሚፈለገው እዚያው ገጽ ላይ መሆኑ ነው። ቀኑን የሚጽፈው የገጹ ባለቤት ነው። «ስለ እኛ» የሚለውን የሚሞላው እሱ ነው። አርማውን፣ ፎቶውን፣ የሽልማት ዝርዝሩን የሚመርጠው እሱ ነው። ተጠርጣሪውን ስለራሱ ምስክርነት እንዲሰጥ እንደመጠየቅ ነው።

ዶት ኦርግን እንውሰድ። ብዙ ተማሪ የሚያምነው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ብቻ የሚያገኘው ስለሚመስለው ነው። ማንም ሰው ከፍሎ ሊያስመዘግበው ይችላል። ዶት ኢዱ ለአሜሪካ ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት፣ ዶት ጎቭ ደግሞ ለአሜሪካ መንግሥት አካላት የተገደቡ ናቸው። ዶት ኦርግ እንደዚያ ዓይነት ገደብ የለውም። በማርቲን ሉተር ኪንግ ስም የተመዘገበ የዶት ኦርግ አድራሻ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ለዓመታት የተንቀሳቀሰው ስቶርምፍሮንት በተባለ የነጭ ዘረኞች ቡድን ሥር ነበር። የተዘጋጀውም ተማሪዎችን በሚስብ መልኩ ነው። ስለ ጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋዩ የቤት ሥራ የተሰጠው ልጅ ስሙን አይቶ፣ ዶት ኦርግን አይቶ ይገባ ነበር።

የፊደል ስህተት መፈለግም ዛሬ አይሠራም። ድሮ አጭበርባሪ በተበላሸ እንግሊዝኛው ይያዝ ነበር። ቻትጂፒቲ በኖቬምበር 2022 ከመጣ ወዲህ ማንም በደቂቃ ውስጥ እንከን የሌለው እንግሊዝኛ ማግኘት ይችላል። እንግሊዝኛው ያማረ ስለሆነ ማመን ድሮም ስህተት ነበር። አሁን አደገኛ ሆኗል።

አጣሪዎች የሚሠሩበት መንገድ

የስታንፎርዶቹ ሳም ዋይንበርግና ሳራ መግሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት 45 ሰዎችን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው ሲያነቡ ተመለከቱ። 10 የታሪክ ዶክተሮች፣ 25 የስታንፎርድ ተማሪዎችና 10 በሙያቸው እውነታ አጣሪ የሆኑ ሰዎች ነበሩ።

ከቀረቡላቸው ሥራዎች አንዱ በትምህርት ቤት ስለሚፈጸም ጉልበተኝነት የተጻፉ ሁለት ገጾችን ማወዳደር ነበር። አንዱ የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ ገጽ ነው። አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1930 የተመሠረተ ሲሆን ከ60 ሺህ በላይ አባላት አሉት። ሌላው የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ኮሌጅ የሚባል ቡድን ገጽ ነው። ይህኛው እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመ ነው። የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ልጅ በጉዲፈቻ እንዲያሳድጉ አካዳሚው መደገፉን የተቃወሙ ጥቂት ሐኪሞች ተለይተው የመሠረቱት ነው። ስማቸው ተቀራራቢ ነው። ገጾቻቸውም ሁለቱም ንጹሕና ሥርዓት ያላቸው ናቸው።

አብዛኞቹ ተማሪዎች የበለጠ ይታመናል ያሉት ትንሹን ቡድን ነው። ከታሪክ ምሁራኑም የአካዳሚውን ገጽ የመረጡት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። አጣሪዎቹ ግን ሁሉም አካዳሚውን መረጡ፤ የፈጀባቸው ጊዜም አጭር ነበር።

ልዩነቱ የመጣው ከአካሄዳቸው ነው። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ገጹ ላይ ቆይተው ከላይ እስከ ታች አነበቡ። አጣሪዎቹ ገና ጥቂት እንዳዩ ገጹን ትተው ወጡ። ሌላ ታብ ከፍተው የድርጅቱን ስም ፈለጉ። ሌሎች ስለ እሱ ምን ይላሉ? ገንዘቡ ከየት ነው? ይህን ካወቁ በኋላ ነው ተመልሰው ያነበቡት። ይህ አካሄድ ላተራል ሪዲንግ ይባላል። በአማርኛ የጎን ንባብ ልንለው እንችላለን። አንድን ገጽ ወደ ታች ከማንበብ በፊት ወደ ጎን፣ ሌሎች ምንጮች ወዳሉበት መሄድ ማለት ነው።

ይህ ለእንግሊዝኛ መምህር ትንሽ የሚከብድ ሐሳብ ነው። «በጥሞና አንብቡ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡ» ብለን ነው የምናስተምረው። ለመማሪያ መጽሐፍ ትክክል ነው። ማንነቱ በማይታወቅ ድረ ገጽ ላይ ግን ተማሪው ጊዜውን የሚሰጠው ለማይገባው ነው። ተማሪው የማን እንደሆነ ያላወቀውን ጽሑፍ ለግማሽ ሰዓት ሲፈታ ከዋለ፣ በመጨረሻ ልፋቱ ራሱ ወደ ማመን ይገፋዋል።

የጎን ንባብን ማስተማር ይቻላል ወይ? በነብራስካ ግዛት ሊንከን ከተማ ተሞክሯል። በጥናቱ 499 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። የተወሰኑት እያንዳንዳቸው 50 ደቂቃ የሆኑ ስድስት ክፍለ ጊዜዎችን ተማሩ። ካልተማሩት ጋር ሲነጻጸሩ ምንጭ በመመርመር ተሽለው ተገኙ። ልጆቹ አጣሪ ሆነዋል ማለት አይደለም። ግን ስድስት ክፍለ ጊዜ ብዙ አይደለም።

ሰዋስው ለዚህ ይጠቅማል

ወደ ሌላ ታብ መሄድ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ጽሑፉን ማንበብ ይመጣል። የእንግሊዝኛ መምህር ከአይሲቲው መምህር የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው።

አክቲቭ ቮይስን ወደ ፓሲቭ ቮይስ መለወጥ ያልተለማመደ የኢትዮጵያ ተማሪ አይገኝም። መቶ ዓረፍተ ነገር ገልብጧል። ጸሐፊው አድራጊውን ለምን እንደደበቀ ተጠይቆ የሚያውቅ ግን ስንት ነው? «ኢት ሃዝ ቢን ፕሩቭን» ይላል ገጹ። ማን አረጋገጠ? «ኢት ኢዝ ቢሊቭድ» ይላል። ማን አመነ? «ስተዲስ ሾው» ሲል የትኛው ጥናት ነው? ያንኑ መልመጃ በአንድ ጥያቄ ማራዘም በቂ ነው፦ አድራጊውን ፈልገህ ዓረፍተ ነገሩን ወደ አክቲቭ መልሰው። ካልተገኘ፣ ያ ራሱ ስለ ገጹ አንድ ነገር ይናገራል።

«ሜይ»፣ «ማይት» እና «ኩድ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ተማሪው እነዚህን ለፈተና ያውቃቸዋል። የጤና ገጽ ላይ ሲያገኛቸው ግን ይዘላቸዋል። «ይህ ቅጠል ስኳርን ሊቀንስ ይችላል» የሚለው በአእምሮው «ይቀንሳል» ሆኖ ይቀመጣል። ርዕሱ በእርግጠኝነት ተናግሮ ውስጡ «ሜይ» የሚል ጽሑፍ ሲያጋጥም ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ጥሩ የክፍል ሥራ ነው።

የድረ ገጽ አድራሻም የሚነበብ ነገር ነው። የዲቪ ሎተሪን የሚመስሉ ገጾች ለዓመታት ሰው ሲያታልሉ የኖሩት በዚህ ነው። ትክክለኛው የዲቪ ገጽ አድራሻ በስቴት ዶት ጎቭ ያልቃል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዕድለኞች «ዕጣው ደርሶዎታል» ብሎ በኢሜይል እንደማያሳውቅ፣ ውጤቱን አመልካቹ ራሱ ገብቶ ማየት እንዳለበት ደጋግሞ ተናግሯል። አስመሳዮቹ «ስቴት» እና «ጎቭ» የሚሉትን ቃላት አድራሻው መጀመሪያ ላይ ያስገባሉ። መጨረሻው ግን ሌላ ነው። ለተማሪው የሚነገረው ይህ ነው፦ ከመግቢያው ሁለት ጭረቶች በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ነጠላ ጭረት ፈልግ፣ ከእሱ በስተግራ ያለውን ተመልከት፣ ባለቤቱ ያለው እዚያ ነው። ለኢትዮጵያ መንግሥት ገጾች ያ ቦታ በጎቭ ዶት ኢቲ ያልቃል።

ተቃውሞዎቹ ቀላል አይደሉም

የመጀመሪያው ስጋት «ጠርጥሩ» እያልን ምንም የማያምን ትውልድ እንፈጥራለን የሚል ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ዳና ቦይድ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን አንስታለች። የሴራ ትንታኔ የሚያሰራጩ ሰዎችም «ራስህ መርምር» ነው የሚሉት። ስጋቱ ተገቢ ነው። ከኛው አገር አንድ ምሳሌ እንይ። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሲጀመር የእንግሊዝኛው ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጣ። ወሬው እውነት ነበር፤ መንግሥትም ፈተናውን ሰረዘ። ይህን የሚያውቅ ተማሪ «ቴሌግራም ላይ ስለ ፈተና የሚወጣ ሁሉ ውሸት ነው» ቢባል አያምንም፤ አለማመኑም ልክ ነው። የሚያስፈልገው መለየት ነው። ጥሩ ትምህርት አንድን ገጽ ለምን ማመን እንደሚቻልም ማሳየት አለበት። ለክፍል ሥራ የሚመረጡት ገጾች ግማሾቹ እውነተኛ ቢሆኑ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። በዲሴምበር 2023 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ሰዎች ሐሰተኛ ዜናን ለማጣራት ጎግል ሲያደርጉ የማመን ዕድላቸው እንደሚጨምር አሳየ። ይህ የጎን ንባብን የሚያፈርስ ይመስላል። ምክንያቱን ማየት ያስፈልጋል። አዲስ ወሬ ሲወጣ ስለ እሱ የጻፈ ታማኝ ምንጭ ገና የለም። የሚገኘው ያንኑ ወሬ የደገሙ ገጾች ናቸው። እንዲህ ያለውን ባዶ ቦታ ዳታ ቮይድ ይሉታል። በጥናቱ ደካማ ውጤት ይበልጥ ያጋጠማቸው የዜናውን ርዕስ ወይም አድራሻውን እንዳለ ገልብጠው የፈለጉት ናቸው።

በእኔ ንባብ ይህ ጥናት የሚነግረን «ፈልጉ» ማለት ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ምን ብሎ መፈለግ እንዳለበት ተማሪው መማር አለበት። የወሬውን ቃላት ትቶ የድርጅቱን ወይም የሰውየውን ስም መፈለግ፤ የመጀመሪያውን ውጤት ከመጫን በፊት ዝርዝሩን ማየት፤ ምንም ካልተገኘ ደግሞ «ገና አይታወቅም» ብሎ መቆየት። ለቃላት ምርጫ ከቋንቋ ክፍል የተሻለ ቦታ የለም። ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛና ለትግርኛ ወሬዎች ግን ባዶው ቦታ ከእንግሊዝኛው ይሰፋል። የክፍል ትምህርት ብቻውን ሊሞላው አይችልም።

ሦስተኛው የመምህራኑ ነው፤ ችላ ሊባል አይገባም። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ተማሪው ብዙ ነው። ኢንተርኔት የለም፣ ስልክ ይዞ መግባትም በብዙ ቦታ ክልክል ነው። መጽሐፉም አያልቅም።

ኢንተርኔት በሌለበት ክፍል

ይህን ትምህርት በወረቀት መስጠት ይቻላል። መምህሩ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ አራት ገጽ ያሳትማል። አንደኛው ድረ ገጹ ራሱ ነው። ሁለተኛው «ስለ እኛ» የሚለው ገጽ። ሦስተኛው የድርጅቱ ስም ሲፈለግ የወጣው የጎግል ዝርዝር። አራተኛው ሌላ ምንጭ ስለ ድርጅቱ የጻፈው። ቡድኖቹ የመጀመሪያውን ወረቀት አንብበው «ይታመናል» ወይም «አይታመንም» ብለው ይጽፋሉ። ከዚያ አንድ በአንድ የቀሩት ይሰጧቸዋል። ሐሳባቸውን የለወጠው የትኛው ወረቀት እንደሆነ በእንግሊዝኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። ማንበብም፣ መጻፍም፣ መነጋገርም እዚያው አለ፤ ለዚህ ተብሎ ከመጽሐፉ የሚቀነስ ብዙ ነገር የለም። አንዴ የታተመው ወረቀት ለሌላውም ክፍል ያገለግላል።

ከዚህ የሚበልጠው እንቅፋት ፈተናው ነው። ፈተና የማይጠይቀውን መምህር አያስተምርም፣ ተማሪም አያጠናም። የእንግሊዝኛ ፈተናችን ምንጩ ያልተጠቀሰ አንድ አንቀጽ ሰጥቶ ስለ ይዘቱ ይጠይቃል። የብዙ አገር ተማሪዎችን የሚያወዳድረው ዓለም አቀፉ የፒሳ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2018 ከዚህ ወጥቶ ተማሪዎች የተለያዩ ምንጮችን እንዲያወዳድሩ ጠይቋል። በበለጸጉት አገሮች እንኳን ስውር ፍንጮችን ተጠቅመው እውነታን ከአስተያየት መለየት የቻሉት ከ10 ተማሪዎች ከ1 ያነሱ ነበሩ። ስለዚህ የኛ ተማሪ ብቻ ድክመት ነው ማለት አይቻልም።

በ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ለመጀመር አንድ ጥያቄ ይበቃል። ስለ አንድ ርዕስ ሁለት አጫጭር ጽሑፎች ይቀመጡ። ከእያንዳንዱ በታች ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈውና ማን ገንዘብ እንደሰጠው በአንድ መስመር ይገለጽ። ጥያቄው «የትኛው ይበልጥ ይታመናል? ለምን?» የሚል ይሁን። እንዲህ ያለ ጥያቄ በአንድ ዓመት ፈተና ላይ ከወጣ፣ በሚቀጥለው ዓመት የማጠናከሪያ መጻሕፍትና የቴሌግራም ቻናሎች ሁሉ መልመጃውን ይዘውት ይወጣሉ።